ተርሚናልና ከርነል የሚገናኙበት መንገድ

አንድ ተማሪ በሊኑክስ ላይ ፊደል በፊደል የሚያነብ ፕሮግራም ቢጽፍ፥ ኢንተር የተባለው ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ለፕሮግራሙ አንዳች ፊደል አይደርሰውም። ጉድለቱ ግን የፕሮግራሙ አይደለም፤ በመካከሉ፥ በከርነሉ ውስጥ፥ ሦስት ክፍሎች አሉና።

ታችኛው ድራይቨር ነው፤ የመሣሪያውን ጠባይ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ሲሆን፥ የተቀበለውን ፊደል ወደ ላይ ያሳልፋል። መካከለኛው የመስመር ሥርዓት ይባላል፤ ፊደሎቹን እስከ መስመሩ መጨረሻ ያከማቻል፥ የተሰረዘውን ያስወግዳል፥ ኮንትሮል ሲ ሲመጣም ፕሮግራሙን የሚያቋርጥ ምልክት ይልካል። ላይኛው፥ ስሙን ከቴሌታይፕ የወረሰው ቲቲዋይ፥ የፕሮግራሙን የማንበብና የመጻፍ ጥሪ ይቀበላል።

ስለዚህ ተማሪው ማከማቸቱ እንዲቀር ከርነሉን በጥሪ ማዘዝ ይችላል። ድራይቨር ጸሐፊውም ሁለቱን ሳይነካ የተግባሮቹን ሠንጠረዥ ብቻ ያስመዘግባል። ነገር ግን ድራይቨሩ የሚሠራው በከርነሉ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የእርሱ ስሕተት መላውን ማሽን ሊያቆም ይችላል።