የ፵ እናትና የጤፍ እፍኝ

ስታቲስቲክስ የሚጀምርን ተማሪ ከስሌቱ በፊት የሚያስደነግጡት የግሪክ ፊደላቱ ናቸው። ሚዩ የምትባለዋ ግን ለእኛ ባዳ አይደለችም። ግሪኮች ፊደሎቻቸውን ለቁጥርም ይጠቀሙባቸው ነበር፤ ሚዩ 40 ነበረች። የግእዝ ቁጥሮችም ከዚያው የተቀዱ ስለሆኑ የእኛ ፵ የእሷ ልጅ ነው። (ሌላዋ የስታቲስቲክስ ፊደል ሲግማ 200 ስለነበረች አልመጣችም፤ ግእዝ ከ፻ በኋላ ፪፻ እያለ ያጣምራል።)

ጤፍ ገዢ ጆንያውን አይዘረግፍም። እጁን ሰዶ ይዘግንና መዳፉ ላይ በትኖ ያያል። ጆንያው ፖፑሌሽን፣ እፍኙ ናሙና ነው። የስታቲስቲክስ ልማዱ እንዲህ ነው፦ ስለ ጆንያው ስንናገር በግሪክ ፊደል፣ ስለ እፍኙ ስንናገር በላቲን እንጽፋለን። የጆንያው አማካይ ሚዩ፣ የእፍኙ ደግሞ በራሷ ላይ ሰረዝ ያለባት ኤክስ፣ ማለትም ኤክስ ባር ናት። ትንሿ ኤን በናሙናው ውስጥ ስንት እንዳለ ትቆጥራለች። ትልቋ ሲግማ ግን ትእዛዝ ናት፦ «ደምር!» በዚህ ትርጉም የጻፋት የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1755።

ብልህ ገዢ እጁን ወደ ታች የሚሰደው ያማረው ከላይ ሊደረግ እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው። ከላይ ብቻ የተዘገነ፣ ኤን የፈለገውን ያህል ቢበዛ፣ ስለ ታችኛው አይመሰክርም።

አማካይ ራሱም ሊያሳስት ይችላል። አምስት ሰዎች በወር 6,000፣ 6,000፣ 7,000፣ 8,000 እና 73,000 ብር ያገኛሉ እንበል። አማካዩ 20,000 ነው፤ 20,000 የሚያገኝ ግን አንድም የለም። በመጠን ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ ሚዲያን፣ 7,000 ነው። ደጋግሞ የመጣው ሞድ 6,000። ለጋዜጣ አንባቢ አንድ ቃል ብቻ አስተምር ብባል ሚዲያንን እመርጣለሁ።

አማካይ ሌላም ነገር ይደብቃል። በአንድ የታክሲ ተራ ሦስት ቀን 18፣ 20 እና 22 ደቂቃ ጠበቃችሁ፤ በሌላው 5፣ 10 እና 45። ሁለቱም አማካያቸው 20 ነው፤ ሥራ የሚያስረፍደው ግን ሁለተኛው ነው። ልዩነቱን የሚለካው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ነው፤ ለጆንያው ትንሿ ሲግማ፣ ለእፍኙ ኤስ። በሁለተኛው ተራ ከአማካዩ ያለው ርቀት 15 እና 10 ወደ ታች፣ 25 ወደ ላይ ነው። እንዲሁ ቢደመር ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን በራሱ እናባዛለን፦ 225፣ 100፣ 625፤ ድምሩ 950። ይህን ለ2 አካፍለን ስኩዌር ሩቱን ስናወጣ 22 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ተራ 2 ደቂቃ ብቻ ነው።

ለምን ለ3 አላካፈልንም? ርቀቶቹ ተደምረው ዜሮ መሆን ስላለባቸው ሁለቱን ያወቀ ሦስተኛውን አወቀ፤ ነፃ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው። ለ3 ቢካፈል እፍኙ ጆንያውን ከእውነቱ ይልቅ የተረጋጋ ያስመስለዋል።

ሦስት ቀን በርግጥ በጣም ትንሽ እፍኝ ናት። እንዲህ ያለችው ምን ያህል እንደምትታመን ያሰላው ዊሊያም ጎሴት ነው፤ በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፣ ጭንቁም ገብስ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስላልፈቀደ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ጽሑፉን ያወጣው በብዕር ስም ነው። ቀመሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያው ስም ነው፦ «ስቱደንት»፣ ተማሪ።