ክብሪቱን አስቀምጡት

ስነቃ መጀመሪያ የሸተተኝ የተቃጠለ ክብሪት ነው። ቀጥሎ ድምፅ ሰማሁ፦ «አትንኳት፣ ይተላለፋል!»

የሴቶች ዶርም ኮሪደር ላይ ተዘርሬያለሁ። ቀሚሴ ርሷል። ልጆቹ ራቅ ብለው ከበውኛል። አጠገቤ የተቀመጠችው አንዲት የዶርሜ ልጅ ብቻ ናት። ነጠላዋን እግሬ ላይ ጣል አድርጋ «አይዞሽ፣ ሦስት ደቂቃ ነው የቆየብሽ» አለችኝ። ሰዓት ይዛ ነበር። ለካ ታናሽ ወንድሟም የሚጥል በሽታ አለበት።

ያኔ ሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግቢ ውስጥ ማንም አያውቅም። መድኃኒቴን የቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ደብቄ፣ ዶርሙ ባዶ ሲሆን ብቻ ነበር የምውጠው። ዶርም ደግሞ መቼ ባዶ ይሆናል? በፈተና ሰሞን ሁለት ቀን ዘለልኩ፤ እንቅልፍም አልነበረኝም። መድኃኒት መዝለልና እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ ናቸው። ስለዚህ ያን ቀን የጣለኝ በሽታው ብቻ አይደለም፤ መደበቄም ጭምር ነው።

እኛ ትምህርት ላይ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» የሚባል ነገር አለ፤ አንዱን ስትመርጡ የምትተዉት የሌላው ዋጋ ማለት ነው። የራሴን ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ስንት ጉዞ ቀርቻለሁ፣ ጓደኛ ቤት አድሬ አላውቅም፣ የወደድኩትን ልጅ ሸሽቻለሁ። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የአንድ ሰው የዓመት ወጪ እስከ 5 ዶላር ዝቅ ሊል ይችላል። በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን ነን፤ በትክክል ብንታከም እስከ 70 በመቶ የምንሆነው ሳይጥለን መኖር እንችላለን። ውድ የሆነው መደበቁ ነው።

ያን ማታ ለዶርሜ ልጆች ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዷ «ጠበልስ አልሞከርሽም?» አለች። እሄዳለሁ፤ ግን መድኃኒቴን ይዤ ነው። ሌላዋ ምንም ሳትል ስልኳን አውጥታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አላርም ሞላች።

ወንድም ያላት ልጅ ደግሞ አስተማረችን። እናንተም ያዙት፦ ክብሪት አታሽትቱ። አፍ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ። እጅና እግሩን ጨምድዳችሁ አትያዙት። የሚጎዳውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ጭንቅላቱ ስር ልብስ አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። አረፋው ደግሞ ማንንም አይዝም፤ በሽታው አይተላለፍም።

ከተመረቅኩ በኋላ የእኔ ቢጤዎች የሚሰባሰቡበት ቦታ እንዳለም አወቅኩ። ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያን የመሠረተችው ራሷ ከበሽታው ጋር የምትኖር ሴት ናት። ለካ ተደብቄ የኖርኩት ብቻዬን ነኝ ብዬ ነው።

አሁን መሥሪያ ቤት ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ያውቃል። ስነግረው ላቤ እየወረደ ነበር። እሱ «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

አላርም የሞላችው ልጅ ዛሬ ሐዋሳ ነው የምትሠራው። አላርሙን ግን አላጠፋችውም። ማታ 2 ሰዓት ሲል ቴሌግራሜ ጮክ ይላል፦

«ዋጥሽ?»

ዋጥኩ።