ሰማዩን ከመሬት የሚመሩት

ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄደው አውሮፕላን በሾኔ በኩል ሲያልፍ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ቀና ይላል። የሚደነቀው አብራሪው ነው። ስለ ጦር አውሮፕላን ስናወራም ያው ነን፤ ጀግንነቱን ጠቅልለን ለአብራሪው እንሰጥና ራዳር ፊት ተቀምጦ የመራውን ሰው እንረሳዋለን። እኔ ይህን ሙያ እወደዋለሁ፤ በአገራችን የሚገባውን ክብር አላገኘም ብዬም አምናለሁ።

ሥራው በሦስት ቃል ያልቃል፦ ማየት፣ መለየት፣ መምራት። ራዳር የራዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ አውሮፕላኑን መትቶ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ መሣሪያው ከፈጀው ጊዜ ተነስቶ ርቀቱን ያሰላል። ይህን ያህሉ ለማንም ግልጽ ነው።

ግልጽ ያልሆነው ራዳር የማያየው ነገር ነው። የጠላት አውሮፕላን ድንበር ጥሶ ገባ በተባለ ቁጥር «ራዳሩ ምን ይሠራ ነበር?» የሚል አይጠፋም። ራዳር ሁሉን ያያል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስሕተት ነው። ሞገዱ ከሞላ ጎደል በቀጥታ ይሄዳል፤ ምድር ግን ክብ ናት፤ ተራራም አለባት። ሾኔ ላይ ራዳር ተተከለ እንበል። በሰሜን ምዕራብ በኩል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው አምበርቾ ተገትሯል። ከተራራው ጀርባ ዝቅ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን ጫፉን እስኪያልፍ ድረስ ለራዳሩ የለም ማለት ነው።

ተራራ በሌለበት ሜዳም ችግሩ አይጠፋም። አንቴናው መሬት ላይ ከሆነ በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚመጣ አውሮፕላን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ እያለ ሊታይ ይችላል። ያው አውሮፕላን ወደ 100 ሜትር ዝቅ ካለ ግን የሚታየው 41 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ከሆነ የመጀመሪያው 27 ደቂቃ ያህል ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ማየት፣ ማን እንደሆነ መለየት፣ ማዘዝ፣ ተዋጊ ጄት ማስነሳት አለ። አንቴናው ሜዳውን በ400 ሜትር በሚበልጥ ኮረብታ ላይ ቢወጣ ግን ዝቅ ብሎ የሚበረውም ከ120 ኪሎ ሜትር ላይ ይታያል፤ ሦስቱ ደቂቃ ስምንት ይሆናል። ለዚህ ነው የራዳር ሰዎች ከፍ ያለ ቦታ የሚወዱት።

ካራማራ ሲነሳ የሚቆጨኝም እዚያ ከፍታ ላይ የነበረው ራዳር መረሳቱ ነው። ካራማራን ሁላችንም የምናውቀው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በተገኘው ድል ነው። ከዚያ በፊት ተራራው ጅጅጋን ቁልቁል እያየ አሜሪካ ሠራሽ ራዳር ተሸክሞ ነበር። ቲ.ፒ.ኤስ. 43 ይባላል፤ ርቀትን፣ አቅጣጫንና ከፍታን በአንድ ጊዜ የሚለካ፣ በመኪና የሚጓጓዝ ራዳር ነው። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በሙሉ ኃይሉ ሲገባ ሚግ 21 እና ሚግ 17 አውሮፕላኖች አብረውት መጡ። የእኛዎቹ ኤፍ 5 ኢዎች በቁጥር ጥቂት ነበሩ፤ አፍንጫቸው ላይ ያለው ራዳርም ሩቅ አያይም። የያዙት ሳይድዋይንደር ሚሳኤል የሞተር ሙቀት ተከትሎ ስለሚሄድ አብራሪው ከጠላት ጀርባ መግባት ነበረበት። ታዲያ አጭር ዕይታ ያለው ጄት በዚያ ሰፊ ሰማይ ላይ የጠላትን ጀርባ እንዴት አገኘ? መሬት ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አቅጣጫውን፣ ርቀቱንና ከፍታውን እየነገረ ስላደረሰው ነው። እነ አብራሪ ለገሠ ተፈራ ሚጎችን የጣሉበት ድፍረትና ችሎታ የራሳቸው ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ በሰዓቱ መገኘታቸው ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው።

አንቴናው ዙሩን የሚጨርሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች 10 ሰከንድ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት 2,500 ሜትር ሄዷል። ስለዚህ ተቆጣጣሪው የሚመራው አሁን በሚያየው ነጥብ ሳይሆን ነጥቡ ሊደርስበት ባለው ቦታ ነው። ሆሳዕና ውስጥ ያገኘኋቸው አንድ ጡረታ የወጡ የራዳር ባለሙያ ይህን ሲያስረዱኝ የቡናቸውን ስኒ ገፋ አድርገው ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው ሁለት መስመር ሳሉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ከጎን መጥቶ ከኋላ የሚታጠፍ። «ቀድመህ ካዞርከው ፊት ለፊቱ ይወጣል፤ ከዘገየህ አይደርስበትም» አሉኝ። ጋሼ፣ በጣም የሚከብደው የቱ ነው ብላቸው፣ «ድምፅህ፣ ልጄ። አንተ ከደነገጥክ አብራሪውም ይሰማዋል» አሉ።

አሁን ወደ መለየት ልምጣ፤ የሰው ሕይወት በከንቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። የተመለሰው ሞገድ «አንድ ነገር አለ» ይላል እንጂ «ይህ እገሌ ነው» አይልም። ማንነቱ የሚታወቀው ከበረራ ዕቅዱ፣ ከራዲዮ ንግግሩና ትራንስፖንደር የተባለው መሣሪያው ከሚልከው ኮድ ነው። የሲቪሉ ኮድ አራት አኃዝ አለው፤ ከ0 እስከ 7 ያሉትን ብቻ ስለሚጠቀም በጠቅላላው 4,096 ኮዶች አሉ። 7600 ራዲዮ መበላሸቱን፣ 7700 አደጋ መኖሩን፣ 7500 ጠለፋን ይናገራል። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም ይሄድ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702 በረዳት አብራሪው ሲጠለፍ ነገሩን ለዓለም የተናገረው ይኸው 7500 ነበር። የጣሊያን፣ ቀጥሎም የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች አጅበው እስከ ጄኔቭ አደረሱት። የስዊዘርላንድ ጄቶች ግን ያኔ ዝግጁ የሚሆኑት በሥራ ሰዓት ብቻ ስለነበር አልተነሱም። ከ200 በላይ ሰው ያለ ጉዳት ወረደ።

ኮድ ብቻውን አያድንም። ሚያዝያ 6 ቀን 1986 ዓ.ም. በሰሜን ኢራቅ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ 15 ጄቶች የገዛ አገራቸውን ሁለት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተሮች መትተው 26 ሰው ሞተ። ሄሊኮፕተሮቹ ለዚያ ክልል ያልተመደበ ኮድ ይልኩ ነበር፤ አብራሪዎቹ በዓይናቸው አይተው የጠላት ናቸው አሉ፤ በአየር ላይ የነበረው የቁጥጥር አውሮፕላንም አላስቆማቸውም። ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ በርዳሌ የእኛ ወታደሮች አንድ የሲቪል አውሮፕላን መትተው የ6 ሰው ሕይወት አለፈ። ስለ በረራው የነገራቸው አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ ሲመጣ የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃት መስሏቸው እንደነበር ተገለጸ። በሁለቱም ቦታ መሣሪያ አልጎደለም፤ የጎደለው ማን እየመጣ እንደሆነ ለተኳሹ በጊዜው የሚነግር ሰው ነው።

በየሠርጉ ያለ ፈቃድ ድሮን የምታስነሱ ወጣቶችም ይህን አስቡ። ድሮናችሁ ትንሽ ናት፣ ዝቅ ብላ ትበራለች፣ ማንነቷን የሚናገር ኮድ አትልክም። ሰማይ የሚጠብቁ ሰዎች ሥራ የሚከብደው ስሙን በማይናገር ነገር ነው። ፈቃድ መጠየቅ ቢያሰለችም ጠይቁ።

ለታሪክ ጸሐፊዎችና ለአየር ኃይላችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የአብራሪዎቹ ታሪክ ተጽፏል፣ ገናም ይጻፋል። የ1969ኙ ተቆጣጣሪዎች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ምን እንዳዩ፣ ምን እንዳሉ፣ ማንን እንዴት እንደመሩ ከአንደበታቸው ይመዝገብ። በሚቀጥለው የካቲት 26 የአብራሪው ስም ሲጠራ የመራው ተቆጣጣሪ ስምም አብሮ ይጠራ።