ሸሪፍ በምን ይመዘናል?

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ኪራይ መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ቤቱን እንዲለቅ ቢወስንበት፣ ውሳኔውን ለማስፈጸም በሩን የሚያንኳኳው ሰው እንደ አድራሻው ይለያያል። ዲሲ ውስጥ ከሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ማርሻሎች ይመጣሉ፤ ከተማዋ ሸሪፍ የላትም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ የሞንጎመሪ ካውንቲ ሸሪፍ ሰዎች ይመጣሉ፤ እኒህ ግን የካውንቲውን እስር ቤት አያስተዳድሩም፣ ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ፖቶማክን ተሻግሮ ፌርፋክስ ካውንቲ ሲደረስ ደግሞ ቤት የሚያስለቅቀውም፣ የፍርድ ቤቱን ግቢ የሚጠብቀውም፣ እስር ቤቱን የሚያስተዳድረውም አንድ የሸሪፍ ቢሮ ነው። መንገድ ላይ መኪና የሚያስቆመው፣ ስርቆት የሚመረምረው የካውንቲው ፖሊስ ግን ከዚህ ቢሮ ውጭ ነው። በሌሎች ብዙ ካውንቲዎች፣ በተለይ በገጠሩ፣ ይህም ሥራ የሸሪፉ ነው።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ አደረጃጀት እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ ፍርድ ማስፈጸም የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ እስረኛ መያዝ የማረሚያ ቤት ጉዳይ፣ ወንጀል መከላከል የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ሦስቱም ጋ የሚሾም እንጂ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ኃላፊ የለም። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ሸሪፎች አሉ፤ ከጥቂት ስቴቶች በቀር ሁሉም ይመረጣሉ፣ አብዛኞቹም ለአራት ዓመት። የካውንቲው ምክር ቤት በጀት ይመድብላቸዋል እንጂ እንደ ተራ ሠራተኛ ሊያባርራቸው አይችልም። ምርጫ ሲመጣ የሚወራው ስለ ወንጀልና ስለ ወንጀለኛ ነው። የሸሪፍ ሥልጣን በሰው ሕይወት ላይ እጅግ የሚከብደው ግን በእስር ቤቱና በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ ነው። ምርጫ ብቻውን ሸሪፍን ሊቆጣጠር ያልቻለውም ስለዚህ ነው፤ መራጩ ድምፅ የሚሰጠው በአንዱ ሥራ ነው፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በሌላው።

ከወረቀቱ እንጀምር። በቨርጂኒያ አከራይ በራሱ ሥልጣን ቁልፍ ቀይሮ ወይም ዕቃ ሜዳ ላይ አውጥቶ ተከራይን ማባረር አይፈቀድለትም። ፍርድ ቤት መክሰስ፣ መርታት፣ ከዚያም የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ማውጣት አለበት። ትዕዛዙን የሚያስፈጽመው ሸሪፉ ሲሆን፣ ከመምጣቱ ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ተከራዩ እስከዚያው ዕዳውን ከነወጪው አጠቃሎ ከከፈለ፣ በአብዛኛው እስከ ቀጠሮው 48 ሰዓት ድረስ፣ ማስለቀቁ ይቀራል። ሕጉ እንዲህ ሰፋ ያለ ዕድል ቢሰጥም ዕድሉ የተንጠለጠለው መጥሪያው ለሰውዬው በመድረሱ ላይ ነው። ተከሳሹ ቤት ውስጥ ካልተገኘ መጥሪያው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ የቤተሰቡ አባል ሊሰጥ፣ እሱም ካልተገኘ በዋናው በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል፤ የተለጠፈም እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ሌሊት ታክሲ ሲነዳ ያደረ፣ ወይም ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ቤት ተጋርቶ የሚኖር ሰው ያን ወረቀት ሳያየው ቢቀር፣ ወይም አይቶት እንግሊዝኛው ቢከብደውና ቢያቆየው፣ ፍርዱ በሌለበት ይሰጣል። መጥሪያውን ያደረሰው ሹም ስንት ጊዜ እንዳንኳኳ፣ የት እንደ ለጠፈ፣ ያደረገውን በትክክል መመዝገቡ ለተከራዩ ከየትኛውም የምርጫ ቅስቀሳ ይበልጣል። በባል ወይም በፍቅረኛ የምትደበደብ ሴት ከዳኛ የምታገኘው የጥበቃ ትዕዛዝም ከዚህ አይለይም፤ ትዕዛዙ ለተከሳሹ እስኪደርሰው ድረስ ሙሉ ኃይል አይኖረውም፣ በብዙ ካውንቲዎችም አድራሹ ሸሪፉ ነው።

እስር ቤቱ ከዚህም ይከብዳል። የካውንቲ እስር ቤት ረጅም ፍርድ የተፈረደበት ሰው ከሚገባበት ከስቴቱ ማረሚያ ቤት የተለየ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አጋማሽ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የአካባቢ እስር ቤቶች ውስጥ 663,000 ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ከአሥሩ ሰባቱ ገና አልተፈረደባቸውም። ብዙዎቹ ዋስ የሚሆን ገንዘብ ያጡ ናቸው። እስከዚያ በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ የገባው ደግሞ ከ7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው፤ አንዱ በሦስተኛው ቀን ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። የአልኮልና የመድኃኒት ሱስ ያለበት፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት፣ የስኳር መድኃኒቱን ኪሱ ይዞ የተያዘ፣ ሁሉም የሸሪፉ አደራ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እስረኛ ሕክምና ሲያሻው አውቆ ችላ ማለት የሕገ መንግሥት ጥሰት ነው ብሎ ወስኗል። ነፃነቱን የተነጠቀ ሰው ራሱን ሐኪም ቤት ሊወስድ አይችልምና፣ ይህ ግዴታ በሸሪፉ ላይ ከወደቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆነው።

ፌርፋክስ ውስጥ በ2015 የሆነው ግዴታው ሲሰበር ምን እንደሚመስል ያሳያል። የአእምሮ ሕመም የነበረባት የ37 ዓመት ሴት ከእስር ቤቱ ልትዛወር ስትል ከሹሞቹ ጋር ትግል ገጠመች፤ እጅና እግሯ ታስሮ ሳለ በኤሌክትሪክ መሣሪያ አራት ጊዜ ተመታች፤ ራሷን ሳተች፣ ከቀናት በኋላም ሞተች። ዐቃቤ ሕጉ ማንንም አልከሰሰም። ካውንቲው ግን በቀጣዩ ዓመት ዳይቨርዥን ፈርስት የተባለ ፕሮግራም ጀመረ፤ በቀላል ጥፋት የተያዘ የአእምሮ ሕመምተኛ ከእስር ቤት ይልቅ ወደ ሕክምና እንዲወሰድ የሚያደርግ ነው። የሸሪፉ ቢሮም መሣሪያውን በእስር ቤቱ መጠቀም አቆመ። ይህ ጥሩ እርምጃ ነው፣ ሊመሰገንም ይገባል። እርምጃው የመጣው ግን በምርጫ ተጽዕኖ አልነበረም፤ ሞቷ ሲሰማ፣ ቤተሰብና ጋዜጠኛ ሲወተውት ነው። የሚወተውት ባይኖርስ?

ሸሪፍን በልጓም የመያዝ ጉዳይ ከአሜሪካ ይቀድማል። በ1215 የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሥ ጆንን አስገድደው ባስቀበሉት ማግና ካርታ ውስጥ ሸሪፍ ብዙ ቦታ ተጠቅሷል፤ የነፃ ሰው ፈረስና ጋሪ ያለ ፈቃዱ እንዳይወስድ፣ ሕጉን የማያውቅና ሊያከብረው የማይሻ ሰው እንዳይሾም። ቨርጂኒያም በ1634 በስምንት ግዛቶች ስትከፈል ሹመቱን ከእንግሊዝ ወረሰች። ሸሪፉ ከንጉሥ ተሿሚነት ወደ ሕዝብ ተመራጭነት የተሸጋገረው ኋላ ነው፤ አሜሪካውያንም ምርጫው የቀድሞውን ልጓም ሁሉ የተካ ያህል አድርገው አዩት።

አልተካውም። አላባማ ውስጥ ለእስረኛ ቀለብ ከስቴቱ በቀን 1.75 ዶላር ይመደብ ነበር፤ ከዚህ የተረፈውን ሸሪፉ ለራሱ እንዲያስቀር ሕጉ ይፈቅድ ነበር። በ2009 የሞርጋን ካውንቲ ሸሪፍ በሦስት ዓመት ውስጥ 212,000 ዶላር ማስቀረቱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ሲያምን፣ ዳኛው እስረኞቹን በአግባቡ እስኪመግብ ድረስ ብለው እሱኑ አሰሩት። ስቴቱ አሠራሩን በሕግ የዘጋው በ2019 ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በአላባማ የሸሪፍ ምርጫ ተቋርጦ አያውቅም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሊ ባካ አራት ጊዜ ተመረጡ፤ በእስር ቤቶቻቸው የሚፈጸመውን ድብደባ ሲያጣራ የነበረውን የፌዴራል ምርመራ በማደናቀፍ በ2017 ጥፋተኛ ተባሉ፣ ሦስት ዓመትም ተፈረደባቸው። ፊኒክስ ያለችበት የማሪኮፓ ካውንቲ ሸሪፍ ጆ አርፓዮ ደግሞ እስረኞችን በበረሃው ሐሩር በድንኳን ማሳደራቸውን አልደበቁም፤ እንዲያውም ኩራታቸው ነበር፣ ስድስት ጊዜም ተመርጠዋል። ስለዚህ ችግሩ መራጩ የማያይ መሆኑ ብቻ አይደለም። እያየ የሚደሰትበትም ጊዜ አለ፤ የተጎዳው ሰው ጥቂት፣ ድሃና የማይወደድ ከሆነ።

ለዚህ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ ሴልማ ነው። ሴልማ ያለችበት የአላባማ ዳላስ ካውንቲ ሸሪፍ ጂም ክላርክ በ1965 የመምረጥ መብት የጠየቁ ጥቁሮችን ያስደበደቡ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት የምርጫ መብት ሕግ ወጣ፣ ጥቁሮች በብዛት ተመዘገቡ፣ በ1966 ክላርክ ተሸንፈው ወጡ። በዚያው ዓመት ሜከን ካውንቲ ሉሺየስ አመርሰንን መረጠ፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ማግስት ከነበረው ዘመን ወዲህ በደቡቡ የመጀመሪያው ጥቁር ሸሪፍ ሆኑ። ሸሪፉ ተሿሚ ቢሆን ኖሮ የሚሾመው ያው የነጮች ምክር ቤት ነበር። ይህን ክርክር እቀበላለሁ፤ ምርጫን ማስቀረት መፍትሔ ነው ብዬም አላምንም። ሲያትል ያለችበት ኪንግ ካውንቲ በ2020 በሕዝብ ውሳኔ ሸሪፉን ተሿሚ አደረገ፤ ፍሎሪዳ በ2018 በተቃራኒው ማያሚ ዴድ ከ1966 ወዲህ ያልነበራትን ተመራጭ ሸሪፍ መልሳ እንድታቋቁም በሕገ መንግሥት ማሻሻያ አዘዘች። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ንጹሕ እስር ቤት ያስገኛል የሚል ማስረጃ አላየሁም። ከሴልማ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው፤ ምርጫው የሠራው የተበደለው ሰው ራሱ መራጭ ሲሆን ነው። የካውንቲ እስር ቤት ውስጥ ያለው ግን ወይ ዜጋ አይደለም፣ ወይ አልተመዘገበም፣ ወይ ሳይፈረድበት ድምፅ የመስጠት መብት እንዳለው የነገረው የለም። ለእሱ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

መሣሪያዎቹም አሉ፣ ፈጠራ አይሹም። ቴክሳስ ከ1975 ጀምሮ የእስር ቤት ደረጃ የሚያወጣና የሚፈትሽ ኮሚሽን አላት፤ በ2017 ያወጣችው ሕግም በእስር ቤት የሞተን ሰው ጉዳይ ሌላ መሥሪያ ቤት እንዲመረምረው ያስገድዳል። ቨርጂኒያም በዚያው ዓመት በእስር ቤት የሚደርስ ሞትን የማጣራት ሥልጣን ለስቴቱ ቦርድ ሰጠች። የሎስ አንጀለስ መራጮች በ2022 አንድ ሸሪፍ በድምፅ ጥለው፣ በዚያው ቀን ምክር ቤቱ በአራት አምስተኛ ድምፅ፣ ማለትም ከአምስቱ በአራቱ፣ ሸሪፍን ማንሳት የሚችልበትን ድንጋጌ አጸደቁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ሸሪፍን ማንሳት የሚቻለው በፍርድ ቤት ነው፤ ለዚያም በመጨረሻው ምርጫ ለቦታው ከተሰጠው ድምፅ አሥር በመቶ የሚሆን ፊርማ ይጠየቃል። ኩልፔፐር ካውንቲ ሸሪፉን ያጣው ግን በዚህ መንገድ አልነበረም። ሰውየው በ2023 ተሸነፉ፤ በ2024 መጨረሻ ባጅ በጉቦ በመስጠት ጥፋተኛ ተብለው፣ ኋላም አሥር ዓመት ቢወሰንባቸውም በ2025 ከፕሬዚዳንቱ ምሕረት አገኙ።

ቁጥጥር ሲበዛ የሸሪፉን እጅ ያስራል የሚሉ አሉ። ከእነሱ መካከል ሸሪፍ በካውንቲው ውስጥ የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ጠባቂ ነው፣ ያልመሰለውን ሕግ አላስፈጽምም ማለት ይችላል ብለው የሚያስተምሩ አሉ። የሚጠቅሱት በ1997 ሁለት ሸሪፎች በጠቅላይ ፍርድ ቤት የረቱትን ክስ ነው፤ ፍርዱ ግን የፌዴራል መንግሥት የአካባቢ ሹሞችን የጦር መሣሪያ ገዢ እንዲያጣሩ ማዘዝ አይችልም አለ እንጂ፣ ሸሪፍ ሕግ መሻር ይችላል አላለም። ሸሪፍ ፈጽሞ አልሠራም ማለት የለበትም ማለት ግን አይደለም። በ2008 የቺካጎው የኩክ ካውንቲ ሸሪፍ ቶም ዳርት በባንክ ከተያዙ ቤቶች ሰው ማስወጣትን አቆሙ፤ ምክንያታቸው ኪራያቸውን በወቅቱ የከፈሉ ተከራዮች ምንም ሳይነገራቸው ሜዳ ላይ እየተጣሉ መሆኑ ነበር። ማስለቀቁ የቀጠለው ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አስቀድሞ የሚጣራበት አሠራር ከተበጀ በኋላ ነው። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እሳቸው የጠየቁት ሕጉ በትክክል እንዲፈጸም ነው፣ ያኞቹ የሚሉት ሕጉ በእነሱ ፈቃድ ይደር ነው።

ለስደተኛው ማኅበረሰብ ጉዳዩ ከ2025 ወዲህ በርትቷል። በ1996 የወጣ ሕግ የአካባቢ ሹሞች ከፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ጋር ተዋውለው ሥራውን እንዲሠሩለት ይፈቅዳል፤ ከተዋዋዮቹ ብዙዎቹ ሸሪፎች ናቸው፣ እስር ቤቱ በእጃቸው ነውና። ሻርለት ያለችበት የመክለንበርግ ካውንቲ ሸሪፍ በ2018 ውሉን አፈርሳለሁ ብለው ተመርጠው አፈረሱ፤ ከዚያ የሰሜን ካሮላይና ሕግ አውጪ በ2024 ሸሪፎች ሁሉ ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲተባበሩ የሚያስገድድ ሕግ በገዢው ተቃውሞ ላይ አጸደቀ። ፌርፋክስም በ2018 ለኢሚግሬሽን እስረኛ የማቆየት ስምምነቷን አቋርጣለች። በቀላል የትራፊክ ጥፋት የተያዘ ሰው በዋስ ወጥቶ ቤቱ ይገባል ወይስ ለሌላ እጅ ይተላለፋል የሚለው፣ እስር ቤቱን የሚመራው ማን እንደሆነ ላይ ሊወሰን ይችላል።

ታዲያ ዜግነት ያለው የቨርጂኒያ ነዋሪ የካውንቲ ሸሪፍን የሚመርጠው ብዙ ሰው ድምፅ በማይሰጥበት በጎዶሎ ዓመት ነው፤ ቀጣዩ በኅዳር 2027። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2026 ይመርጣል። ዜግነት የሌለውም ቢሆን በየዓመቱ የካውንቲው ምክር ቤት የሸሪፉን በጀት ከማጽደቁ በፊት በሚያደርገው ሕዝባዊ ስብሰባ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባውም ቀላል ነው፤ ባለፈው ዓመት በእስር ቤቱ ስንት ሰው ሞተ፣ ማን መረመረው፣ ስንት መጥሪያ በር ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲታሰር አስተርጓሚ የሚመጣለት በስንት ሰዓት ውስጥ ነው፣ ለሕክምና የተመደበው ገንዘብስ ምን ላይ ዋለ።