እናት ማልዳ ስትወጣ፤ ተረትና እውነታ

ከወልድያ በሐራ በኩል ወደ ሚሌ በሚወርደው ጎዳና ላይ በምትገኘው በጭፍራ፣ ደገኛውና አፋሩ በገበያ በሚገናኙባት በዚያች ቆላማ ከተማ፣ እናት ለሕክምናም ይሁን ለለቅሶ ማልዳ ወጥታ ድክ ድክ የሚል ልጇን ከአባቱ ጋር ትታው የሄደች እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አባትዮውን በሐዘኔታ ዐይን ይመለከተዋል፤ ጥቂት ቆይቶም አንዲት እትዬ በበሩ ብቅ ብለው «ወዲህ አምጣው፣ አንተ የት ታውቅበታለህ!» ማለታቸው አይቀርም። ሐዘኔታው ከደግነት የመነጨ ቢሆንም፣ መሠረቱ ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት ነው፤ ይኸውም ሕፃን መያዝ ለሴት በጠባይዕ የተሰጠ፣ ለወንድ ግን የተነፈገ ጸጋ ነው የሚለው ነው።

ጠባይዕ ራሷ ግን የምትመሰክረው ሌላ ነው። በፊሊፒንስ አገር በሴቡ በ624 ወጣት ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ወንድ አባት በሆነ ጊዜ ቴስቶስተሮን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቱ ውስጥ ይቀንሳል፤ ይልቁንም በየቀኑ ልጁን በመንከባከብ ብዙ ሰዓት በሚያሳልፈው ላይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ በሚኖሩት በአካ ሕዝብ ዘንድም፣ ባሪ ሂውሌት የተባለው የሥነ ሰብእ ሊቅ እንደ መዘገበው፣ አባቶች ከቀኑ ግማሽ ለሚጠጋ ጊዜ ሕፃኑን ታቅፈው ወይም እጃቸው በሚደርስበት ቅርበት ይዘውት ይውላሉ። እንግዲህ እናት አባትን የምትበልጠው በልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ሲፈቅድ፣ ለአባት የፈቀደው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፤ በ3 ቀን የሚለመድ ሙያ መኖሩን ግን እኔ እጠራጠራለሁ።

አባወራ ሕፃን ተሸክሞ አደባባይ ቢወጣ ክብሩ ይጎድላል የሚሉም አሉ። በጭፍራ ይህን ለሚል ሰው መልሱ ከሃይማኖቱ መጽሐፍ ይገኛል፤ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ሕፃኗን ኡማማን ተሸክመው ይሰግዱ እንደ ነበር፣ ሱጁድ በወረዱ ጊዜ አስቀምጠዋት በተነሡ ጊዜ ያነሷት እንደ ነበር ተጽፏል። በሶላት ላይ ያልተነወረ በገበያ መካከል ሊነወር አይገባውም።

ልጁ እንዳያለቅስ እናቲቱ ተደብቃ ትውጣ ማለትም የተለመደ ምክር ነው፤ ነገር ግን ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ሕፃን ከእናቱ ሲለይ መጨነቁ የአእምሮው ማደግ ምልክት እንጂ ቅምጥልነት አይደለም። ድንገት የተሰወረችበት ልጅ በሌላ ጊዜ ከቀሚሷ ጫፍ አይላቀቅም፤ ተሰናብታው ብትሄድ ግን አልቅሶ አልቅሶ ይተዋል። ልቅሶውም አባት ለመናቁ ማስረጃ አይሆንም።

እስካሁን የተናገርነው የስምና የክብር ነገር ነው፤ ጉዳት የሚያስከትለው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። «የቆላ ልጅ ነው፣ ሐሩሩን ለምዶታል» እየተባለ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ውጭ የሚተው ሕፃን፣ ሰውነቱ ከትልቅ ሰው ይልቅ ፈጥኖ የሚግል፣ ጥማቱንም በቃል ለመግለጽ ገና አንደበቱ ያልተፈታ ነው፤ ስለዚህ አባት ጥላ መፈለግና ሳይጠየቅ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ማቅረብ አለበት። ተቅማጥ የያዘው እንደ ሆነ ደግሞ፣ ውሃ ያባብስበታል ብሎ መከልከል እጅግ የከፋ ስሕተት ነው፤ አንዱ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል፤ ምግቡም አይቋረጥም። ዐይኑ ከጎደጎደ ወይም ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ተቅማጡን ጥርስ አመጣበት ብሎ የወተት ጥርሱን የሚያስነቅል ሰው ግን፣ በአንዱ ሕመም ላይ የደም መፍሰስንና መንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ልጁን ያሸክመዋል።

የጎረቤት እትዬ የማይነግሩት፣ ምናልባትም እጃቸው ለምዶ ሳያስቡት የሚያደርጉት ነገር፣ ወለሉን ማየት ነው። አባት ቁጭ ብሎ የሚቆረጥመው ቆሎና ኦቾሎኒ፣ መንጋጋው ላልጠነከረ ልጅ እስከ 4 ዓመቱ ድረስ የመተንፈሻ ቧንቧን የሚዘጋ ነገር ነው፤ በሳፋ የተጠራቀመ የአንድ ስንዝር ውሃም በፊቱ የተደፋን ሕፃን ለማስጠም ይበቃል። ጀበናው ተገልብጦ እጁን ቢያቃጥለው፣ ሊጥ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ቁስሉንም ያቆሽሸዋል፤ የሚረዳው የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ይዞ መቆየት ነው፤ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት ይህ እንደ ብክነት መስሎ ቢታይም።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው በሃይላንድ ፕላስቲክ ተሞልቶ ከበሩ ጥግ የሚቀመጠውን ላምባ ነው። ልጅ የሚጠጣ ውሃ መስሎት ከጎነጨው፣ በአገራችን የታወቀው ወግ ወተት አጠጥቶ ወይም ጣት ከጉሮሮው ከትቶ ማስመለስ ነው፤ ነገር ግን ላምባ አብዝቶ የሚጎዳው ሳንባን ስለሆነ፣ ሲያስመልሰው ወደ መተንፈሻው የመግባት ዕድሉ ይጨምራል፤ ወተትም ማስመለሱን እንጂ መርዙን ማርከሱን አያመጣም። አባት ከአፉ ምንም ሳያስገባ፣ ላምባ የነካውን ልብስ አውልቆ፣ ልጁን ቀጥ አድርጎ እንደ ታቀፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው፤ ሐኪሙ የጠጣውን ነገር እንዲያውቅ ፕላስቲኩንም አብሮ ይያዝ።