ወንበሩ በዶላር፣ ልምምዱ በብር

የጥርስ ክሊኒክ ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት መጀመሪያ የሚጠይቀው የወንበሩን ዋጋ ነው። ወንበሩም፣ ኮምፕረሰሩም፣ የራጅ መሣሪያውም ከውጭ ይገባሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሒሳቡ አሻቅቧል። ወንበሩ ላይ ያለ ደንበኛ ድንገት ቢዝለፈለፍ ማን ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ግን ከወጪ ዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም አይገባም።

ነገሩ ብርቅ አይደለም። በጥርስ ወንበር ላይ ይበልጥ የሚያጋጥመው ራስን መሳት ነው፤ ወንበሩን አጋድሞ እግርን ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። መድኃኒት አልስማማው ብሎ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ጭኑ ላይ አድሬናሊን ወዲያው መወጋት አለበት። ልቡ የቆመ ሰው ደረቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ ያለ እርዳታ ባለፈ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አለ፤ እጅ ግን በንባብ አይፈታም። ስለዚህ በውጭ አገር የጥርስ ንጽሕና ተማሪዎች እንደ ተውኔት ይለማመዱታል። አንዷ በሽተኛ ትሆናለች፣ አንዱ ደረት ይጫናል፣ ሌላው ኦክስጅን ያቀርባል፣ መምህሩ ሰዓት ይይዛል። ትልቁ ትምህርት ከዚያ በኋላ በሚደረገው ግምገማ ነው፤ የመድኃኒቱ ሳጥን የት ነበር? ቁልፉስ ማን ዘንድ?

ለዚህ ልምምድ የሚውለው አሻንጉሊት ራሱ የነጋዴ ሥራ ነው። ኖርዌያዊው አስሙንድ ላርዳል የልጆች መጫወቻ አምራች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 «አን» የተባለችውን የትንፋሽ መለማመጃ አሻንጉሊት ገበያ ላይ አዋለ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠሩት በአሥር ሺህዎች ዶላር ይሸጣሉ። ለክሊኒክ ግን ተራው ይበቃል፤ በሽተኛ መስሎ የሚተኛ ባልደረባ ደግሞ ምንዛሪ አይጠይቅም።

አዲስ አበባ ላይ 907 ተደውሎ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጠራል፤ የመንገዱ መጨናነቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዋግ ኽምራ ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ የተነሳ በሽተኛ ግን ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል እስኪደርስ የደጋና የቆላ መንገድ ይጠብቀዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሥራ ለመክፈት ያሰበ ሰው ከወንበሩ በፊት የኦክስጅን ሲሊንደርና አድሬናሊን ይያዝ፤ ሠራተኞቹንም በየሦስት ወሩ ያለማምድ። ጊዜው ያለፈበት አድሬናሊን እንኳ «ለልምምድ ብቻ» ተብሎ ለብቻው ከተቀመጠ መርፌ መሙላት ያስተምርበታል።