ጂፒኤስ መንገድ የሚመርጠው እንዴት ነው? በጂንካና በደቡብ ኦሞስ ምን ያህል ይታመናል?

የመኪና ጂፒኤስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አጣምሮ ይሠራል። አንደኛው መኪናው አሁን የት እንዳለ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ከዚያ ተነሥቶ ወደተፈለገው ቦታ የሚያደርሰውን መንገድ መምረጥ ነው። ብዙ ሾፌር ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ፣ መሣሪያው ያለበትን ቦታ በትክክል ካሳየው የሚመራውም መንገድ ትክክል ይመስለዋል። በደቡብ ኦሞ ለሚነዳ ሰው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ማጎ ፓርክ ውስጥም ከአዲስ አበባ ባላነሰ ይታመናል፤ ሁለተኛው ከአስፋልት በራቁ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል።

ቦታን የማወቁ ሥራ የሳተላይቶች ነው። ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ተሸክመው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለማቋረጥ ያስተላልፋሉ። ስልኩ ወይም የመኪናው መሣሪያ ይህን መልእክት ተቀብሎ፣ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ያሰላና ከእያንዳንዱ ሳተላይት ያለውን ርቀት ያገኛል። ለዚህ ቢያንስ አራት ሳተላይቶች ያስፈልጉታል፤ ሦስቱ ለቦታው፣ አራተኛው የስልኩን ሰዓት ለማረም። መልእክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት በመሆኑ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በመሬት ላይ 300 ሜትር ያህል ያዛንፋል። እንዲህም ሆኖ በገላጣ ሰማይ ሥር የአንድ ተራ ስልክ ስሕተት ብዙውን ጊዜ 5 ሜትር ገደማ ነው። መልእክቱ በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ እየነጠረ ስለሚደናገር፣ ስልክ ያለበትን ቦታ ከመሐል አዲስ አበባ ይልቅ ዲመካ ወይም አርቦሬ ሜዳ ላይ አጥርቶ ቢያሳይ አያስገርምም።

ለዚህ ሥራ ኢንተርኔትም ኔትወርክም አያስፈልግም። ኔትወርክ በጠፋበት የማጎ ቆላ ውስጥም ስልኩ ያለበትን ቦታ ያውቃል። የሚጎድለው ካርታው ነው፤ ብዙዎቹ መተግበሪያዎች ካርታውን በኢንተርኔት ስለሚያመጡት ኔትወርክ ሲቋረጥ ያለንበትን የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ ባዶ ገጽ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ የአካባቢውን ካርታ አርባ ምንጭ ወይም ጂንካ ላይ ሳሉ አስቀድሞ ማውረድ ያስፈልጋል። ኦስማንድን፣ ማፕስ ሚንና ኦርጋኒክ ማፕስን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው፤ ጉግል ማፕስም ካርታ አውርዶ ማስቀመጥ ይፈቅዳል።

መንገድ የመምረጡ ሥራ ከሳተላይት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሒሳብ ሥራ ነው። ለኮምፒውተሩ አገሩ በሙሉ ነጥቦችና መስመሮች ነው። ነጥቦቹ መጋጠሚያዎች ናቸው፤ መስመሮቹ በመጋጠሚያዎቹ መካከል ያሉ መንገዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ መስመር ላይም ለማለፍ የሚፈጀው ጊዜ ተጽፏል። ለምሳሌ ከኮንሶ ተነሥቶ ቱርሚ መድረስ የሚፈልግ መኪና ወይጦ ላይ ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል። ቀጥ ብሎ ወደ ቀይ አፈር ወጥቶ በዲመካ በኩል ሊወርድ ይችላል፤ ወይም ወይጦ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ በቆላው፣ በአርቦሬ በኩል ሊሄድ ይችላል። ኮምፒውተሩ የሁለቱንም ቁርጥራጭ ጊዜዎች ደምሮ አነስተኛ ድምር ያለውን ያቀርባል።

ከአዲስ አበባ ጂንካ ድረስ ሲሆን ግን የሚደመሩት መንገዶች እልፍ ስለሆኑ ሁሉንም አንድ በአንድ መሞከር አይቻልም። መላውን ያገኘው ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለ የኔዘርላንድስ ተወላጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 አስቦት በ1959 አሳተመው። የእርሱ ዘዴ ከመነሻው ላይ እንደፈሰሰ ውኃ በሁሉም አቅጣጫ ይዘረጋል፤ ምንጊዜም ቀድሞ የሚደረስበትን መጋጠሚያ እየያዘ ይቀጥላል፤ መድረሻውን ሲነካ የተገኘው መንገድ ከሁሉም አጭሩ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በ1968 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ማሻሻያ ፍለጋውን ወደ መድረሻው አቅጣጫ እንዲያደላ አደረገው። በ2008 ደግሞ በጀርመኗ ካርልስሩኸ ያሉ ተመራማሪዎች ዋና ዋና መንገዶችን አስቀድሞ አስልቶ የማስቀመጥ ዘዴ አቀረቡ፤ ዛሬ ስልክ የረጅም ጉዞን መንገድ በቅጽበት የሚያወጣው በእንዲህ ዓይነት ዘዴዎች ነው።

ሒሳቡ አይሳሳትም። ስሕተት የሚገባው መስመሮቹ ላይ በተጻፈው ጊዜ በኩል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጊዜ የሚገኘው መንገድ ላይ ካሉት ስልኮች ነው፤ ብዙ ስልኮች በአንድ ጎዳና ላይ ቀስ ሲሉ መጨናነቅ እንዳለ ይታወቃል። ከቀይ አፈር ባሻገር ባለው መንገድ ላይ ግን የሚያልፈው መኪና ጥቂት ነው፤ ካለፈውም ስንቱ ኔትወርክ እንደነበረው አይታወቅም። መረጃ ሲጠፋ መተግበሪያው ግምት ያስገባል። መንገዱ ካርታው ላይ «ዋና መንገድ» ተብሎ ከተመዘገበ የዋና መንገድ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ጉድጓዱን፣ አቧራውን፣ ዳገቱን አያይም። 30 ኪሎ ሜትር ርቀት በሰዓት በ60 ሲታሰብ ግማሽ ሰዓት ነው፤ መኪናው በእውነት የሚሄደው በ20 ከሆነ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሁለት ሦስቴ ሲደራረብ ከመምሸቱ በፊት ይደረሳል የተባለው ጉዞ ጨለማ ውስጥ ያበቃል። ከብትና ፍየል በሚተኛበት መንገድ ላይ በጨለማ መንዳት ደግሞ ማንም የአካባቢው ሾፌር የማይመክረው ነው።

ገበያም የራሱ ሰዓት አለው። ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ዲመካና ጂንካ፣ ሰኞ ቱርሚ ይገበያሉ። በእነዚህ ቀናት መንገዱ የእግረኛና የከብት ነው፤ መኪና የሚሄደው በእነርሱ እርምጃ ነው፤ ይህም የሚገባ ነው። መተግበሪያው ግን መረጃ በሌለበት መንገድ ላይ ሐሙስንና ረቡዕን አይለይም።

ከሁሉ የሚከፋው የዝናብ ነገር ነው። የደቡብ ኦሞ ቆላ ዝናብ እንደ ሰሜኑ ሐምሌና ነሐሴን አይጠብቅም፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። «ክረምት አልፏል» ብሎ በጥቅምት ከአዲስ አበባ የሚወርድ መንገደኛ ጭቃ ሊገጥመው ይችላል። ከጂንካ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስደው መንገድ ከደጋው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ቆላ ይገባል። በፓርኩ ሜዳ ያለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንደ አስፋልት የጠነከረ ነው፤ ሲርስ ላንድክሩዘርንም ይውጣል። ካርታው ላይ ግን መስመሩ በጥርም በሚያዝያም ያው ነው። መሐንዲሶች ክረምት ከበጋ የሚያስኬድና በበጋ ብቻ የሚያስኬድ ብለው የሚለዩት መንገድ ካርታ ላይ የሚለየው አንድ ሰው ገብቶ ከመዘገበው ብቻ ነው።

ወንዞቹም እንዲሁ ናቸው። ቱርሚ አጠገብ እንዳለው ካስኬ ያሉ የቆላ ወንዞች በደረቅ ወራት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ይመስላሉ። ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ በደራሽ ጎርፍ ሲመጣ ግን፣ ቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ለመተግበሪያው ድልድይ የሌለው መሻገሪያም የመንገዱ አካል ነው። ሞልቶ ባየ ጊዜ ቆሞ መጠበቅ የሾፌሩ ፈንታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ይህ የደቡብ ኦሞ ችግር ብቻ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ የአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ግዛት ፖሊስ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ተገዷል፤ የአፕል ካርታ ሚልዱራ የተባለችውን ከተማ ከእውነተኛ ቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ፣ ውኃ በሌለበት ብሔራዊ ፓርክ መሐል አስቀምጧት ስለነበር ሾፌሮች በሙቀት ውስጥ ቆመው ቀርተዋል። በ2019 ሰኔ ወር ደግሞ ወደ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መንገድ በአደጋ ሲዘጋ ጉግል ማፕስ ሾፌሮችን በጥርጊያ መንገድ አሳለፈ፤ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወደ 100 የሚጠጉ መኪናዎች ጭቃ ውስጥ ቀሩ። ያንን መንገድ ያን ቀን ያየ ሰው አንድ ቃል ቢናገር የሚድን ጉዞ ነበር።

መተግበሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚመራውንም መኪና አያውቅም። ቪትዝም፣ ላንድክሩዘርም፣ ጭነት የያዘ አይሱዙም ለእርሱ «መኪና» ናቸው። ከሶዶ በሳውላ በኩል ወደ ጂንካ የሚወስደው ተራራማ መንገድ ካርታ ላይ ሲታይ በአርባ ምንጭና በኮንሶ ከሚዞረው ያጥራል። ነገር ግን ዳገቱና ቁልቁለቱ ለከባድ መኪና ፍሬን ምን እንደሚያደርግ፣ ዝናብም የተራራውን አፈር ምን እንደሚያደርገው ከኪሎ ሜትሩ ላይ አይነበብም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚያው በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው የመሬት መንሸራተት የእነዚያን ተዳፋቶች ባሕርይ በመራራ መንገድ አሳይቷል።

እንግዲህ ጂፒኤስ ይታመን? «የት ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ፣ አዎ፣ ያለጥርጥር። አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ ለሚለው ዋና መንገድም እንዲሁ፤ የሚሰጠው ሰዓት ላይ ግን ሰፋ ያለ ጊዜ መጨመር ያስፈልጋል። ከዋናው መንገድ ታጥፎ ለሚገባበት አቋራጭ ግን የመተግበሪያው ቃል ብቻውን አይበቃም፤ በተለይ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ከሆነ ጨርሶ ሊሞከር አይገባም። ከመነሣት በፊት መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ማየት፣ የሚያልፍባቸውን ከተሞች ስም ማንበብና ወንዝ የሚቆርጥባቸውን ቦታዎች መቁጠር ተገቢ ነው። የቦታ ስም በላቲን ፊደል በተለያየ መልክ ስለሚጻፍ የተገኘው ቦታ የተፈለገው መሆኑንም ማረጋገጥ ያሻል።

የቀረው መረጃ ያለው ሰው ዘንድ ነው፦ ጂንካ መናኸሪያ ባሉ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ በአስጎብኚዎች፣ በፓርኩ ጠባቂዎች ዘንድ። አጠያየቁም ይወስናል። «መንገዱ ደህና ነው?» ሲባል እንግዳን ላለማሳዘን «ደህና ነው» ማለት ይቀናል። «ዛሬ መኪና መጥቷል? ምን ዓይነት መኪና?» ሲባል ግን መልሱ ቁርጥ ያለ ይሆናል።

ካርታውም ሊታረም የሚችል ነገር ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተጀመረውንና ኦስማንድ፣ ማፕስ ሚና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚጠቀሙበትን ኦፕንስትሪትማፕን ማንኛውም ሰው በነፃ ተመዝግቦ ማረም ይችላል፤ መንገዱ ጠጠር ይሁን ጭቃ፣ ድልድይ ይኑረው አይኑረው፣ በየትኞቹ ወራት እንደሚዘጋ መጻፊያ ቦታ አለው። ይህን የሚያውቀው ካርልስሩኸ ያለ መሐንዲስ ሳይሆን የጂንካ ሾፌርና አስጎብኚ ነው። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው የማጎን፣ የአርቦሬንና የቱርሚን መንገዶች ወር በወር ቢመዘግቡ፣ ከሩቅ ለሚመጣ መንገደኛም ለአካባቢው አምቡላንስም ትልቅ ውለታ ይሆናል፤ ሥራውን ለመጀመር ስልክና ፈቃደኝነት ይበቃል።